ብሮውዘር ከመምረጣችሁ በፊት፦ ስልኩ በማን ጂሜል ነው የተከፈተው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክና ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ባለፈው ክረምት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱ ላይ በተኛበት አንድ ጠዋት፣ አንዲት እናት ገቡና ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ቫይረስ ገብቶበታል፤ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ አላስተኛ አለኝ» አሉኝ። ስልኩን ከፍቼ ከላይ ወደ ታች ስስበው መልእክቱ ተደርድሯል፤ 13 ቫይረስ አለበት የሚል፣ ባትሪው ሊቃጠል ነው የሚል፣ ሽልማት ደርሶዎታል የሚል፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ።

ቫይረስ አልነበረም። የልጅ ልጃቸው ፊልም ሊያወርድ የገባበት ድረ ገጽ ማሳወቂያ ለመላክ ፈቃድ ጠይቆት፣ ልጁም «አላው» የሚለውን ነክቶ አልፏል። የክሮምን ሴቲንግ ከፍቼ «ኖቲፊኬሽን» የሚለው ውስጥ ስገባ 11 ድረ ገጾች ተፈቅዶላቸው ተቀምጠዋል። አንድ በአንድ ዘጋኋቸው፤ ጩኸቱ ቆመ። እዚያው ሳለሁ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ስልኩ የሚሠራበት ጂሜል የእሳቸው አይደለም፤ የአንድ ስልክ ቤት ስም ያለበት ነው። «ይሄ የማን ነው፣ እማማ?» ብላቸው «ስገዛው ልጁ የከፈተልኝ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩንም እሱ ነው የሚያውቀው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ድረ ገጽ ለመክፈት «የቱ ብሮውዘር ይሻላል?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ ስም ከመጥራቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ የሚሠራው በማን አካውንት ነው? እንዳያይባችሁ የምትፈልጉትስ ማን ነው? ማስታወቂያ ነጋዴው፣ ከእናንተ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው፣ ወይስ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው? ለሦስቱም እኩል የሚበቃ ብሮውዘር የለም።

መጀመሪያ አካውንቱ

ክሮም ላይ «ሲንክ» ሲበራ የገባችሁበት ገጽ፣ ያስቀመጣችሁት ፓስወርድና የከፈታችሁት ታብ ወደ ጂሜሉ አካውንት ይሄዳል። የዚያን ጂሜል ፓስወርድ የያዘ ሰው ኮምቦልቻ ተቀምጦ በራሱ ስልክ ሊያየው የሚችልበት መንገድ አለ ማለት ነው። ስልክ የሚሸጡት ልጆች ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። አብዛኛው ደንበኛ ኢሜይል ስለሌለው ለማገዝ ብለው ነው የሚከፍቱለት። ነገር ግን አንዱን ጂሜል ለብዙ ደንበኛ ሲያዳርሱት አይቻለሁ፤ ያኔ የአንዱ ሰው የስልክ መዝገብ ሌላው ስልክ ላይ ይመጣል። «የማላውቀው ሰው ስም ስልኬ ውስጥ ሞላ» እያለ የሚመጣ ደንበኛ ችግሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በራሳችሁ ስልክ ቁጥር አዲስ ጂሜል ክፈቱ። የስልክ መዝገቡን ወደ አዲሱ አዛውሩ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ አካውንት የሚለው ጋ ገብታችሁ የድሮውን አስወጡ። ስልኩን ሪሴት የምታደርጉ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ አትጀምሩ፤ ተነስቶ የዚያኑ የድሮ ጂሜል ፓስወርድ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ያኔ ደግሞ ሻጩን ፍለጋ ነው። አይፎን የያዛችሁ ነገሩ ከዚህም ይብስባችኋል። በሌላ ሰው አፕል አይዲ የሚሠራ አይፎን ፎቶውም፣ የሳፋሪ ታሪኩም በዚያ ሰው አካውንት በኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ባለቤቱ ከፈለገም ከሩቅ ሆኖ ስልኩን ይቆልፈዋል።

ይህ ሳይስተካከል ብሮውዘር መቀየር በሩን ክፍት ትቶ መስኮት መዝጋት ነው። አሁን ወደ ምርጫው።

አንድሮይድ ስልክ

ከደንበኞቼ አብዛኛው የያዘው አንድሮይድ ስለሆነ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

ክሮም ከስልኩ ጋር ተጭኖ ይመጣል። ፈጣን ነው፣ የደህንነት እድሳቱም ቶሎ ቶሎ ይደርሰዋል፤ ይህን አልክድም። ጎግል ግን እንጀራው ማስታወቂያ ነው። ሰኞ ገበያ ገብታችሁ የጫማ ዋጋ ስትጠይቁ አንድ ሰው ከኋላ እየተከተለ በየሱቁ ምን እንዳነሳችሁና ምን እንዳስቀመጣችሁ ቢጽፍ ምን ትሉታላችሁ? የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚባለው፣ ከገባችሁበት ድረ ገጽ ሌላ የሆነ ድርጅት ብሮውዘራችሁ ላይ የሚያስቀምጠው መለያ፣ ሥራው ይኸው ነው። ጎግል እነዚህን ኩኪዎች ከክሮም እንደሚያስወጣ እ.ኤ.አ. በ2020 አስታውቆ፣ ቀኑን ደጋግሞ ሲያራዝም ቆይቶ፣ በ2024 ሐሳቡን ተወው። ስልክ ላይ ያለው ክሮም ደግሞ ማስታወቂያ የሚያግድ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ አይቀበልም። «ኢንኮግኒቶ ስለምጠቀም ችግር የለብኝም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ኢንኮግኒቶ፣ የግል መስኮት የሚሉት፣ ታሪኩን ከስልኩ ላይ እንዳይቀር ያደርጋል እንጂ ከድረ ገጹም፣ ከኔትወርኩም አይሰውራችሁም። ጎግል በዚሁ ጉዳይ በ2020 ተከሶ በ2024 ሲስማማ ብዙ ቢሊዮን የሚሆኑ መረጃዎችን ለማጥፋት ተስማምቷል።

ራሙ 4 ጊጋና ከዚያ በላይ ለሆነ ስልክ መጀመሪያ የምጭነው ፋየርፎክስን ነው። ምክንያቴ አንድ ነው፤ ስልክ ላይ እንኳ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ አጋጅ ይቀበላል። ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ «ኤክስቴንሽን» የሚለው ውስጥ ስትገቡ ታገኙታላችሁ፤ ጨምሩት፣ ሌላ የምትነኩት የለም። ከተከታይ፣ ማለትም የምታዩትን ከኋላ ሆኖ ከሚመዘግብ ኮድ፣ መጠበቁ አንድ ነገር ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ፓኬጅ መቆጠቡ ሌላ ጥቅም ነው። ዜና ልታነቡ ገብታችሁ ጽሑፉ ሳይከፈት የማስታወቂያው ቪዲዮ ሜጋባይቱን ሲጨርሰው ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ዩብሎክ ማስታወቂያውን ከወረደ በኋላ አይደለም የሚደብቀው፣ መጀመሪያውኑ እንዳይወርድ ነው የሚያደርገው።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። 2 ጊጋ ራም ባለው ስልክ ላይ ይከብዳል። ወደ ቴሌግራም ሄዳችሁ ስትመለሱ ገጹን እንደ አዲስ ይጭነዋል፣ ያም ዳታ ነው። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ደግሞ ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ጎግልን ዋና መፈለጊያ ስላደረገ ከጎግል ከሚከፈለው ነው። መፈለጊያውን መቀየር የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ዳክዳክጎ አድርጌዋለሁ፤ በአማርኛ ስፈልግ ግን ጎግል የተሻለ ስለሚያመጣልኝ አልፎ አልፎ እመለስበታለሁ።

ፋየርፎክስ ለከበደበት ስልክ ብሬቭ አለ። የተሠራው ክሮም በቆመበት መሠረት ላይ ስለሆነ ክሮም ላይ የሚከፈት ድረ ገጽ እዚህም ይከፈታል፤ ማስታወቂያና ተከታይ ማገዱ ግን ከጫናችሁበት ደቂቃ ጀምሮ በርቶ ነው የሚመጣው። ምንም ኤክስቴንሽን አያስፈልገውም። «ጭኜ ልርሳው» ለሚል ሰው ከሁሉም ይህን እመርጣለሁ። ነገር ግን ስትከፍቱት የክሪፕቶ ቦርሳ፣ ማስታወቂያ አይታችሁ የምታገኙት ሽልማት፣ የሚከፈልበት ቪፒኤን እያለ የሚያቀርብላችሁ ነገር ብዙ ነው። ሁሉንም አጥፉት፤ ያለ እነሱ ይሠራል። በ2020 ተጠቃሚው የክሪፕቶ መገበያያ አድራሻ ሲጽፍ ብሬቭ የራሱን የኮሚሽን ኮድ ከኋላ ይጨምር እንደነበር ተደርሶበታል። ኃላፊው ስህተት መሆኑን አምኖ አስተካክሎታል። እኔ ይህን ሰምቼ ከሱቄ አላስወጣሁትም፤ ግን የሚጭን ሰው ሊያውቀው ይገባል ብዬ እነግራለሁ።

ዳክዳክጎ መፈለጊያ ብቻ ሳይሆን ብሮውዘርም አለው፤ የጠዋቷ እናት ስልክ ላይ የጫንኩት እሱን ነው። ቅንጅት አይፈልግም፣ የማያውቁት ነገር አይጠይቃቸውም። የእሳት ምልክት ያለባትን ቁልፍ ሲነኩ የከፈቱት ሁሉ ይጠፋል። ለእሳቸው ያሳየኋቸው ይህችን ብቻ ነው፤ «እሳቷን ሲነኩ ቤቱ ይጸዳል» አልኳቸው፣ ገባቸው። ማስጠንቀቂያ ግን አለው፤ እሳቷ ከገባችሁበት አካውንትም ታስወጣለች፣ እንዳይነካ የምትፈልጉትን ድረ ገጽ ለይታችሁ ማስቀመጥ አለባችሁ። ሌላው ጥሩ ነገሩ፣ አንድሮይድ ላይ የሌሎች አፖችን ተከታይ ጭምር የሚያግድ መቆጣጠሪያ አለው። እሱ የሚሠራው በስልኩ የቪፒኤን መስመር ላይ ስለሆነ ሌላ ቪፒኤን ከከፈታችሁ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ከማይክሮሶፍት ጋር ባለው የፍለጋ ውል ምክንያት የማይክሮሶፍትን ተከታዮች ያሳልፍ እንደነበር በ2022 ወጥቶ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አጥብቆታል።

ኦፔራ ሚኒን ሳላነሳ ብቀር የወሎ ሰው አይምረኝም። ኔቱ ጭል ጭል በሚልበት ሰዓት ሌላው ሁሉ ሲቆም እሱ ይከፍታል። እንዴት ነው የሚከፍተው የሚለውን ማወቅ ግን ግድ ነው። ቁጠባውን «ኤክስትሪም» ላይ ስታደርጉት ገጹ ቀጥታ ወደ ስልካችሁ አይመጣም። መጀመሪያ የኦፔራ ሰርቨር ይከፍተዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ከዚያ ይልክላችኋል። ደብዳቤውን ፖስታ ቤቱ ከፍቶ፣ አሳጥሮ፣ እንደገና አሽጎ እንደሚልክ ማለት ነው። ለኳስ ውጤትና ለዜና ምንም አይደል። ለባንክ፣ ለኢሜይል፣ ፓስወርድ ለሚጻፍበት ማንኛውም ገጽ ግን በዚህ መንገድ አትሂዱ፤ ቁጠባውን አጥፉ ወይም በሌላ ብሮውዘር ክፈቱ።

ከስልኩ ጋር ተጭነው መጥተው ስትከፍቷቸው ወሬና ማስታወቂያ የሚያዘንቡትን ብሮውዘሮች በተመለከተ ብዙ አልልም። የሚጠፋውን አጥፉ፣ የማይጠፋውን «ዲስኤብል» አድርጉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ራሴ ስልኬ ላይ ሁለት ብሮውዘር አለኝ። አንዱ ኢሜይልና ባንክ ብቻ የሚከፈትበት፣ ሌላው ለማንኛውም ነገር። ሁለተኛው ላይ ምንም አካውንት አልገባም። ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ከቴሌግራም የመጣ ሊንክ ሁሉ ባንክ የከፈታችሁበት ብሮውዘር ላይ ዘው እንዳይል ያደርጋል።

አይፎን

እዚህ ምርጫው ከሚመስለው ያነሰ ነው። አፕል፣ ከአውሮፓ ኅብረትና ከጃፓን በቀር ብዙም ሳያላላ፣ አይፎን ላይ የሚጫን ብሮውዘር ሁሉ በራሱ ብሮውዘር በሳፋሪ ሞተር፣ ማለትም ገጹን በሚከፍተው የውስጥ ክፍል፣ እንዲሠራ ያስገድዳል። ፋየርፎክስም ብሬቭም ብትጭኑ ከላይ ያለው ልብስ ነው የሚለያየው። የአንድሮይዱ ፋየርፎክስ የሚቀበለው ዩብሎክ ኦሪጅን አይፎን ላይ ባለው ፋየርፎክስ አይገባም። ሳፋሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተከታይ ሲቀንስ ቆይቶ ከ2020 ወዲህ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ስለዚህ አይፎን ለያዘ ሰው ሳፋሪው ላይ አድጋርድን የመሰለ ማስታወቂያ አጋጅ ጨምሮ መቀጠል ይበቃዋል። ማስታወቂያ ማገዱን አብሮ ይዞ የሚመጣ ከፈለጋችሁ ብሬቭ።

በእኛ ከተማ የሚዞረው አይፎን ብዙው ያገለገለ መሆኑ ግን ሌላ ነገር ያመጣል። የሳፋሪ ሞተር የሚታደሰው ከስልኩ ሲስተም ጋር ነው። አይፎን 7 ከአይኦኤስ 15፣ አይፎን 8 ደግሞ ከአይኦኤስ 16 አያልፍም። ሲስተሙ የቆመበት ስልክ ላይ ምን ዓይነት ብሮውዘር ብትጭኑ ሞተሩ የቆየው ነው። አይፎን 7 በጥሩ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ሊገዛ ያማከረኝን ልጅ፣ ለካሜራው ከሆነ ግዛ፣ ባንክህን ልትከፍትበት ከሆነ ግን ተወው ብዬዋለሁ።

ላፕቶፕና የቢሮ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ላይ መልሴ አጭር ነው፤ ፋየርፎክስ ከዩብሎክ ኦሪጅን ጋር። ከ2022 ጀምሮ የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ኩኪ በየራሱ ማሰሮ ለይቶ ያስቀምጣል፤ አንዱ የሌላውን አያይም። ክሮም በበኩሉ የኤክስቴንሽን ደንቡን ስለቀየረ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን እዚያ መሥራት አቁሟል፤ የቀረው ቀለል ያለው ቅጂ ነው።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የሚማረው። በመጣ ቁጥር ሊብረዎልፍን ካልጫንክ ብሎ ይከራከረኛል። ሊብረዎልፍ ፋየርፎክስ ሆኖ ወደ ሞዚላ የሚላከው መረጃ የወጣለት፣ ዩብሎክ አብሮት የሚመጣ፣ ሲዘጋ ኩኪውን የሚያጠፋ ነው። ጥሩ ነው፤ ለሱ። ለአባቱ ግን አልጭንም። በየቀኑ ፓስወርድ እንደ አዲስ ሲጠይቃቸው በሦስተኛው ቀን ወደ ክሮም ይመለሳሉ፣ ያኔ የደከምንበት ሁሉ ከንቱ ነው። ስልክ ላይም የለም፣ ለኮምፒውተር ብቻ ነው። የካምፓሱን ዋይፋይ በተመለከተ ለሱም የነገርኩት ነው፤ የትኛውም መደበኛ ብሮውዘር ብትጠቀም ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ሰው የትኛው ድረ ገጽ እንደገባህ ሊያውቅ ይችላል፤ መቆለፊያ ምልክት ባለው ገጽ ውስጥ ምን እንዳነበብክና ምን እንደጻፍክ ግን አያይም።

ዊንዶውስ 7 ላይ የቀራችሁ አላችሁ፤ በየቢሮው አየዋለሁ። ክሮም ለዊንዶውስ 7 የወጣው የመጨረሻ ቅጂ ቁጥር 109 ነው፣ በ2023 መጀመሪያ። ፋየርፎክስ በቁጥር 115 ትንሽ ረዘም አድርጎ ደግፎታል። ያ ግን መሸጋገሪያ ነው። ማሽኑ 4 ጊጋ ራም ካለው በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫኑበት፤ ፋየርፎክስ አብሮት ይመጣል፣ ጽሕፈቱም ይሠራል። የአማርኛ ኪቦርዱን አሠራር ለማስለመድ ግማሽ ቀን መድቡ።

ኮፒ ቤት

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቦታ ደረስን። ፓስፖርት ለማመልከት፣ ዲቪ ለመሙላት፣ ማስረጃ ፕሪንት ለማድረግ የምንሄድበት ኮምፒውተር። ባለፈው ወር የሱቄ ፕሪንተር ቀለም አልቆ ሌላ ኮፒ ቤት ገባሁና ኢሜይሌን ልከፍት ስል የሌላ ሰው ሳጥን ተከፍቶ ጠበቀኝ። አንዲት ልጅ ናት፤ የፓስፖርቷ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃዋ፣ ለውጭ አገር ትምህርት ዕድል የጻፈችው ደብዳቤ። ዘግቼ ወጣሁላት። ከዚያ የቴሌግራሙን ምልክት ብነካው የሌላ ሰው ቴሌግራም። ሰውየው ፋይል ሊያወርድ ገብቶ፣ ፕሪንት አድርጎ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ሄዷል። ቻቱ ግን እዚያው ቀርቷል።

አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ደስ ይላል። ልጅቷን ግን በዚያች ቀን የሚጠብቃት «ሎግ አውት» የምትለዋ ቁልፍ ነበረች።

በሰው ኮምፒውተር ላይ የብሮውዘሩ ስም ከቁጥር አይገባም። ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ፣ ያለውን በግል መስኮቱ ክፈቱ፤ ይህ ኢንኮግኒቶ በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ ነው። «ፓስወርድ ላስቀምጥ?» ሲል እምቢ በሉ። ስትጨርሱ ውጡ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ «ዳውንሎድ» ውስጥ የወረደውን ፋይል ደምስሱ። ቴሌግራም ጨርሶ ባትከፍቱ ይመረጣል። የከፈታችሁ ካላችሁ አሁን ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ «ዲቫይስ» ግቡና ከዚህ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጡ። የማታውቁት ኮምፒውተር ተዘርዝሮ ብታገኙ አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ የኮፒ ቤቱ ነው። ብሮውዘር በፍላሽ ይዞ መሄድ ይቻላል የሚሉ አሉ። አልመክርም፤ ፍላሹ የሚመለሰው የዚያን ኮምፒውተር ቫይረስ ጭኖ ነው፣ የምትጽፉትን የሚቀዳ ፕሮግራም ካለበትም ፍላሹ አያድናችሁም። ቅጹን በራሳችሁ ስልክ ሞልታችሁ ፒዲኤፉን ብቻ ለፕሪንት ስጡ።

ቶር ለማን?

ቶር ብሮውዘር መረጃውን በሦስት ማሽኖች አዙሮ ነው የሚወስደው። የመጀመሪያው ማን እንደሆናችሁ ያውቃል፣ ወዴት እንደምትሄዱ አያውቅም። የመጨረሻው ወዴት እንደሆነ ያውቃል፣ ማን እንደሆናችሁ አያውቅም። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ በእኛ ኔት ቪዲዮ አታስቡ፣ አንዳንድ ገጽም ጨርሶ አያስገባም። ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለሊኑክስና ለአንድሮይድ አለ፤ አይፎን ላይ የቶር ሰዎች ራሳቸው የሚጠቁሙት ኦኒየን ብሮውዘርን ነው።

ማስታወቂያ ለሰለቸው ሰው ቶር አልሰጥም። የሚያስፈልገው ለጋዜጠኛ፣ ስለ ሕመሙ ማንም ሳያውቅ ማንበብ ለሚፈልግ፣ ቤቷ ውስጥ ስለሚደርስባት ነገር ምክር ለምትፈልግ ሴት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሌላው ብሮውዘር የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። ድረ ገጾች ያለ ኩኪም በስክሪን መጠን፣ በፎንት፣ በቋንቋና በሰዓት ቀጠና ሰውን ይለያሉ። ቋንቋው አማርኛ፣ ሰዓቱ የአዲስ አበባ የሆነ ብሮውዘር በዓለም ላይ ካለው ብዛት ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ቶር ሁሉንም ተጠቃሚ አንድ ዓይነት ለማስመሰል ነው የሚጥረው፣ ሰዓቱን እንኳ ይለውጣል። ስለዚህ ቋንቋውን በእንግሊዝኛ እንዳለ ተዉት፣ ኤክስቴንሽን አትጨምሩበት፣ ከሁሉ በላይ በስማችሁ የተከፈተ ፌስቡክ አትግቡበት። ቶር እየተጠቀማችሁ መሆኑን ኔትወርክ አቅራቢው ሊያይ ይችላል፤ ይህንንም ለመሸፈን «ብሪጅ» የሚባል ቅንጅት ውስጡ አለ።

ከየት እንደምታወርዱ

በዜንደር ከጓደኛ የመጣ የአፕ መጫኛ ፋይል (ኤፒኬ) አትጫኑ። ፓኬጅ ለመቆጠብ እንደሆነ ይገባኛል፣ ነገር ግን የተነካካ ብሮውዘር ፓስወርዳችሁን በእጃችሁ የምታስረክቡበት ነው። ከፕሌይ ስቶር አውርዱ፣ ከአፑ ስም ሥር ያለውንም የሠሪውን ስም አንብቡ፤ ፋየርፎክስ ከሆነ ሞዚላ፣ ቶር ከሆነ የቶር ፕሮጀክት ይላል። ዳታ የሌላችሁ፣ በዚህ የምታልፉ ከሆነ ጎራ በሉ፤ ከሱቁ ዋይፋይ አውርዳችሁ ትሄዳላችሁ፣ ለሱ አላስከፍልም።